ሞተር ቤት ውስጥ ማደስ፦ ሳይለካ የሚገጠም ዕቃ የለም

ሞተር አውርዶ መበተን ሁለት ቀን ይበቃዋል። መልሶ መግጠሙም ቢሆን ዕቃው ተለክቶና ታጥቦ ከቀረበ ብዙ አያስቸግርም። ጊዜ የሚበላው መሃሉ ነው፤ ማጠብና መለካት። ቤት ውስጥ የታደሰ ሞተር ገና ሮዳጅ (የመላመጃ ጉዞውን) ሳይጨርስ ሲነክስ (ዕቃው ተጣብቆ ሲይዝ) ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው፦ ውስጥ የቀረ ቆሻሻ፣ ወይም «አዲስ ስለሆነ ልክ ነው» ተብሎ ሳይለካ የተገጠመ ዕቃ።

እዚህ የተጻፈው አራት ሲሊንደር ላለው የተለመደ የቤንዚን ሞተር ነው። ቁጥሮቹ መነሻ ናቸው፤ የሞተራችሁ የጥገና መጽሐፍ ሌላ ቁጥር ከሰጠ እሱን ያዙ። መጽሐፉ ከሌላችሁ ቁልፍ ከማንሳታችሁ በፊት ፈልጉት።

በእርግጥ መውረድ አለበት?

ዘይት የሚበላ ወይም አቅም ያነሰው ሞተር ሁሉ ሙሉ እድሳት አያስፈልገውም። መጀመሪያ ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ ሲጨምቅ የሚፈጠረውን ግፊት፣ ለኩ። ሞተሩን አሙቁ፣ ካንዴላዎቹን በሙሉ አውጡ፣ ነዳጅና እሳት አቋርጡ፣ የቤንዚን ፔዳሉን እስከ መጨረሻ ረግጣችሁ በካንዴላው ቀዳዳ የገባው የግፊት መለኪያ አምስት ስድስት ጊዜ እስኪመታ በሞተሪኖ (በማስነሻ ሞተሩ) አዙሩ። ጤነኛ ሞተር ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 13 ባር ያሳያል። ከቁጥሩ ይልቅ ግን በሲሊንደሮቹ መካከል ያለውን ልዩነት እዩ፤ ከ15 በመቶ ካለፈ ችግር አለ።

ዝቅ ያለው ሲሊንደር ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ 5 ሚሊ ሊትር ያህል፣ የሞተር ዘይት ጨምሩና ድገሙት። ከፍ ካለ ያለቀው ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ወይም ሲሊንደሩ ነው። ንቅንቅ ካላለ ቫልቩ ወይም የቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ነው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች እኩል ከወረዱ ደግሞ ጓርኒሲዮኑ በመሃላቸው ተበልቶ ሊሆን ይችላል፤ ያ ከሆነ ቴስታታ ማውረድ ይበቃል፣ ሞተሩ ከቦታው አይነሳም።

ማውረድና መፍታት

የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀሉ፣ የነዳጁን ግፊት ልቀቁ፣ ውሃና ዘይቱን አፍስሱ። ክሪክ ማንሻ እንጂ መደገፊያ አይደለም፤ ከመኪናው ሥር ከመግባታችሁ በፊት ጠንካራ መደገፊያ አስገቡ። እያንዳንዱን የሽቦ ሶኬትና የውሃ ጎማ ከመንቀላችሁ በፊት ፎቶ አንሱ፣ ቡሎኖቹንም ከየት እንደወጡ በተጻፈበት ከረጢት ለይታችሁ አስቀምጡ። የቡሎን ርዝመት ከተምታታ በኋላ ረጅሙ አጭሩ ቦታ ገብቶ አሉሚኒየም ይሰነጥቃል።

ቴስታታ የሚፈታው ሞተሩ በደንብ ሲቀዘቅዝ ነው። ቡሎኖቹን ከዳር ጀምራችሁ ወደ መሃል፣ በሁለት ወይም በሦስት ዙር አላሉ። በሙቀቱ ወይም ከመሃል ከተፈታ ሊጣመም ይችላል።

ፒስተኖቹን ወደ ላይ ከመግፋታችሁ በፊት የሲሊንደሩን አፍ በጥፍራችሁ ዳብሱ። ፋሻው ከማይደርስበት ቦታ የተጋገረ ካርቦንና ያልተበላ ጠርዝ ይኖራል፤ ሳይነሳ ፒስተን ከተገፋ የፋሻውን መቀመጫ ይሰብረዋል። የቢየላ (ፒስተኑን ከክራንክ ሻፍቱ የሚያገናኘው ዘንግ) ቡሎኖች ላይ ቁራጭ የጎማ ቱቦ አልብሱ፣ አለበለዚያ ሲወጡ የክራንክ ሻፍቱን (የሞተሩን ዋና ዘንግ) አንገት ይጭራሉ። የቢየላና የዋናው ብሮንዚን (አንገቱ የሚዞርበት ልባስ) ክዳኖች ከየቤታቸው ጋር አንድ ላይ ተሞርደው የወጡ ስለሆኑ አይቀያየሩም፣ ፊታቸውም አይዞርም። ቁጥር ከሌላቸው ራሳችሁ ምልክት አድርጉባቸው።

አሮጌዎቹን ብሮንዚኖች አትጣሉ፣ በቅደም ተከተል ደርድሯቸው። የሞተሩ የሕክምና ካርድ እነሱ ናቸው። በዙሪያው የተጫረ ከሆነ ቆሻሻ አልፏል። በአንድ ጠርዝ ብቻ የተበላ የቢየላ ብሮንዚን ቢየላው ሳይጣመም እንዳልቀረ ይናገራል። የመሃሉ ዋና ብሮንዚን ከሌሎቹ በልጦ ካለቀ ክራንኩ ቀጥ ማለቱን አስለኩ። ይህን ሳታዩ አዲስ ብሮንዚን ብትገጥሙ ያው በሽታ አዲሱንም ይበላዋል።

ዕቃ ከመግዛት በፊት መለካት

ብዙ ሰው ፒስተንና ፋሻ ገዝቶ ነው ወደ ሬቲፊካ (የሞተር መሞረጃ ቤት) የሚሄደው። ቅደም ተከተሉ የተገላቢጦሽ መሆን አለበት። ሲሊንደሩ ምን ያህል እንደሚሞረድ ሳይታወቅ የፒስተኑ መጠን አይታወቅም።

እያንዳንዱን ሲሊንደር በሦስት ከፍታ፣ በየከፍታው በሁለት አቅጣጫ ለኩ፦ አንዱ ከክራንኩ ጋር ትይዩ፣ ሌላው ተሻጋሪ። ስድስት ቁጥር ይወጣል። ብዙውን ጊዜ በጣም የሚበላው ከላይ፣ የመጀመሪያው ፋሻ የሚመለስበት ቦታ ነው። በትልቁና በትንሹ ቁጥር መካከል ያለው ልዩነት 0.05 ሚሊ ሜትር አካባቢ ከደረሰ አዲስ ፋሻ ብቻ መግጠም አያዛልቅም፤ ሲሊንደሩ ተሞርዶ ከፍ ያለ መጠን ያለው ፒስተን ይገባል። ፒስተኑን በቀሚሱ (በጎኑ) ታችኛው ክፍል ላይ፣ ከስፒኖታው (ከቢየላው ጋር ከሚያያይዘው ፒን) በተሻጋሪ ለኩት። በተራ ፒስተንና በሲሊንደሩ መካከል የተለመደው ክፍተት ከ0.03 እስከ 0.05 ሚሊ ሜትር ነው። በቅጥቀጣ የተሠራ ፒስተን ሲሞቅ ይበልጥ ስለሚሰፋ ተጨማሪ ክፍተት ይፈልጋል፤ ልኩን አምራቹ ይሰጣል።

ቴስታታው ላይ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ በቁመት፣ በአግድምና በሰያፍ አጋድማችሁ ከሥሩ ፊለር ጌጅ (ክፍተት የሚለካ ቀጭን የብረት ቅጠል) ሞክሩ። 0.05 ሚሊ ሜትር ካለፈ ጓርኒሲዮኑ ማስተማመኛ የለውም፤ ይላጋ።

ማጠብ

ሬቲፊካ ቤቱ «ታጥቧል» ቢላችሁም እንደገና እጠቡት። ሲሊንደር ሲሞረድና በድንጋይ ሲፈተግ የድንጋዩ ደቃቅ አሸዋ በጭረቶቹ ውስጥ ይቀበራል። ቤንዚን ወይም ናፍጣ ዘይቱን ያነሳና አሸዋውን እዚያው ይተወዋል። የሚያወጣው ሙቅ ውሃ፣ ሳሙናና ጠንካራ ብሩሽ ነው። ሲሊንደሩን ፈትጋችሁ አለቅልቁና በንጹሕ ዘይት በተነከረ ነጭ ጨርቅ ጥረጉት። ጨርቁ ግራጫ ከሆነ እንደገና። ነጭ ሆኖ እስኪወጣ አራትም አምስትም ጊዜ መደጋገም ያለ ነው። ልክ እንደደረቀ ዘይት ቀቡት፤ እርቃኑን የቀረ ብረት በደቂቃዎች ውስጥ ዝገት ይጀምረዋል።

የዘይት መተላለፊያዎቹን ታፖዎች (መድፈኛዎች) አውጥታችሁ በረጅም ቀጭን ብሩሽ አጽዱ፣ ከዚያ በአየር ንፉ፤ የክራንኩን ቀዳዳዎችም ጭምር። የቡሎን ቀዳዳዎችን ድረቅ አድርጓቸው። ቡሎኑ ሲገባ ከታች የቀረው ውሃ ወይም ዘይት መውጫ ስለሚያጣ ሞኖብሎኩን (ሲሊንደሮቹ ያሉበትን የሞተር አካል) ሊሰነጥቀው ይችላል። ቶርክ ሬንቹም (የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካው ቁልፍ) ተታሎ ያልጠበቀውን ጠብቋል ይላችኋል።

ብሮንዚንና ፋሻ

የብሮንዚኑ ጀርባና የሚቀመጥበት ቤት ደረቅና ንጹሕ መሆን አለባቸው፤ ዘይት የሚቀባው ፊቱ ብቻ ነው። ክፍተቱን በፕላስቲጌጅ መለካት ቀላል ነው። ያንን ቀጭን የፕላስቲክ ክር በደረቀው የክራንክ አንገት ላይ በርዝመቱ አጋድሙ፣ ክዳኑን በሙሉ ቶርክ አጥብቁ፣ ፍቱት፣ የተጨፈለቀውን ስፋት ከማሸጊያው ላይ ካለው ሚዛን ጋር አስተያዩ። በመሃሉ ክራንኩ አይዞርም፤ ከዞረ ክሩ ይቀባና ልኬቱ ውሸት ይሆናል። ጥሩ መነሻ የአንገቱ ዲያሜትር አንድ ሺኛ ነው፦ 50 ሚሊ ሜትር ለሆነ አንገት 0.05። በጣም ከጠበበ ዘይቱ ፊልም መሥራት ያቅተዋል፤ በጣም ከሰፋ ሞተሩ ሲሞቅ የዘይት ግፊት ይወርዳል። ክራንኩ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚጫወተውንም ለኩ፤ ብዙ ሞተሮች ከ0.1 እስከ 0.2 ሚሊ ሜትር ድረስ ይፈቅዳሉ።

የፋሻ ክፍተት ብዙ ሰው የሚዘለው ልኬት ነው። ፋሻውን ብቻውን ሲሊንደሩ ውስጥ አስገቡት፣ ፒስተን ገልብጣችሁ 25 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ታች ግፉትና ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፣ ከዚያ በሁለቱ ጫፎች መካከል ፊለር ጌጅ አስገቡ። ለተራ ሞተር የላይኛው ፋሻ ክፍተት የሲሊንደሩ ዲያሜትር በ0.004 ተባዝቶ ነው። 86 ሚሊ ሜትር ለሆነ ሲሊንደር 0.34 ይሆናል። ቱርቦ ከተጨመረ በ0.005 ወይም በ0.006 አባዙ፤ 0.43 ወይም 0.52። ፋሻው ሲሞቅ ይረዝማል፤ ጫፎቹ ከተገናኙ መሄጃ ስለሚያጣ ሲሊንደሩን ይነክሳል፣ የፒስተኑንም አናት ይሰብራል። ትንሽ የሰፋ ክፍተት ግን ጉዳቱ ጥቂት ጋዝ ማሳለፍ ነው። ከጠበበ አንዱን ጫፍ ብቻ፣ ሞረዱን ከውጭ ወደ ውስጥ እየገፋችሁ፣ ጥቂት ጥቂት ሞርዱ። ወደ ውጭ ከሳባችሁት የፊቱን ልባስ ያነሳዋል። በየሁለት ሦስት ምቱ መልሳችሁ ለኩ። የሞረዳችሁትን ፋሻ ከሌላ ሲሊንደር ጋር አታምታቱ።

ሲገጠም ምልክት ያለበት ፊት ወደ ላይ ይሁን፣ ክፍተቶቹም በአንድ መስመር አይሰለፉ። ቢየላ በገባ ቁጥር ክራንኩን በእጅ አዙሩ። አራተኛው ላይ ከከበደ ጥፋቱ አራተኛው ላይ ነው፤ ሁሉንም ገጥሞ መጨረሻ ላይ የሚያዞር ሰው ግን ከየት እንደሚጀምር አያውቅም።

በዲግሪ የሚጠብቁ ቡሎኖች፣ ለምሳሌ 30 ኒውተን ሜትር ከዚያም 90 ዲግሪ የሚባሉት፣ ብዙውን ጊዜ ሲጠብቁ የሚለጠጡ ናቸው። አምራቹ ደግሞ መጠቀም ካልፈቀደ በአዲስ ይተኩ። ክራንኩንና ከም ሻፍቱን (ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ) የሚያገናኘውን የታይሚንግ ቺንጋ ወይም ሰንሰለት ከገጠማችሁ በኋላ ክራንኩን ሁለት ሙሉ ዙር በእጅ አዙራችሁ ምልክቶቹ መልሰው መግጠማቸውን እዩ። መሃል ላይ ከጠጠረ አታስገድዱት፤ ቫልቭ ፒስተን ነክቶ ይሆናል።

ጉልበት ለመጨመር

ሲሊንደር ማስፋት ብቻውን ጉልበት ይሰጣል ብሎ የሚጠብቅ ያዝናል። ስፋቱና የፒስተኑ ምልልስ 86 በ86 ሚሊ ሜትር የሆነ አራት ሲሊንደር 1,998 ሲሲ ነው፤ 0.5 ሚሊ ሜትር ብታሰፉት 2,022 ይሆናል። 24 ሲሲ!

ኮምፕሬሽን መጨመር የሚሰማ ለውጥ ያመጣል፣ ግን ሒሳብ ይፈልጋል። የአንዱ ሲሊንደር መጠን 499.6 ሲሲ፣ ከፒስተኑ በላይ የሚቀረው ቦታ 55.5 ሲሲ ከሆነ ሬሾው 10 ለ1 ነው። ቴስታታው 0.5 ሚሊ ሜትር ቢላግና የማቃጠያው አፍ የሲሊንደሩን ያህል ቢሰፋ 2.9 ሲሲ ይቀንሳል፤ ሬሾው 10.5 ይሆናል። ያን ያህል ሲላግ ቫልቩም ወደ ፒስተኑ ይጠጋል። ፒስተኑ ላይ ለስላሳ የሞዴል ጭቃ ለጥፋችሁ፣ በእጅ ሁለት ዙር አዙራችሁ፣ የተጨፈለቀውን ቆርጣችሁ ለኩ፤ በመግቢያው ቫልቭ ከ2፣ በመውጫው ከ2.5 ሚሊ ሜትር በታች አትውረዱ። ቴስታታው ከላይ ከም ሻፍት ካለበት ሲወርድ ታይሚንጉን በጥቂቱ ያዘገየዋል፣ ስለዚህ የሚስተካከል የከም ጥርስ ያስፈልጋል። ነዳጁና እሳቱም እንደ አዲሱ ሞተር መስተካከል አለባቸው። ሞተሩ በጭነት ላይ «ካካካ» እያለ ከነዳችሁት ፒስተኑ ብዙ አይቆይም።

ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ዲፈረንሻል

ቮላኖው (ክራንኩ ጫፍ ላይ ያለው ከባድ ክብ ብረት) የተቃጠለ ሰማያዊ ቀለም ወይም ስንጥቅ ካለው ይላጋ ወይም ይለወጥ። የፍሪሲዮን ዲስኩ ወደ ቮላኖ የሚዞረው ፊት ተጽፎበታል፤ ተገልብጦ ከገባ አይለቅም። በመሃል ማስያዣ አስተካክሉ፣ ቡሎኖቹን በመስቀል አጥብቁ። የካምቢዮው ዘንግ ጥርስ ላይ በጣት የተነካ ያህል ግሪስ ይበቃል፤ ከበዛ ዲስኩ ላይ ይረጫል። ካምቢዮው እጅ ለእጅ ካልገጠመ በቡሎን አትሳቡት፣ ክብደቱም ዲስኩ ላይ ተንጠልጥሎ አይቆይ።

የካምቢዮ ዘይት ላይ ተጠንቀቁ። ጂኤል-5 ለዲፈረንሻል ጥርስ የሚሆን ጠንካራ ኬሚካል አለው፤ አንዳንዱ ጂኤል-4 በሚጠይቅ ካምቢዮ ውስጥ የነሐሱን ሲንክሮ (ማርሽ ሲገባ ፍጥነት የሚያስተካክለውን ቀለበት) ሊጎዳ ይችላል። የዲፈረንሻል ሬሾ ስትለውጡ ደግሞ አስቡት፦ ሞተሩ 3,000 ዙር፣ የላይኛው ማርሽ 0.8፣ የጎማው ዙሪያ 1.95 ሜትር ቢሆን በ4.1 ሬሾ 107፣ በ3.7 ወደ 119 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይወጣል። አጭሩ ሬሾ (4.1) ሲነሳ ቶሎ ይፈጥናል፤ በረጅም መንገድ ግን ሞተሩን ያስጮኻል።

ማስነሳትና ሮዳጅ

የዘይት ፊልትሩን ሙሉ፣ ካንዴላ ሳይገባ የግፊት መብራቱ እስኪጠፋ በሞተሪኖ በየ10 ሰከንድ እያሳረፋችሁ አዙሩ፣ ከዚያ አስነሱ። ታፔቱ (የከሙን ግፊት ወደ ቫልቩ የሚያስተላልፈው ዕቃ) ያለ ሮለር (ተሽከርካሪ) ከሙን የሚነካ ሞተር ከሆነና ከሙ አዲስ ከሆነ ለ20 ደቂቃ በ2,000 ዙር ያዙት እንጂ ሚኒሞ ላይ (ጋዝ ሳይረገጥ) አትተዉት። ሮለር ያለው ይህን አይፈልግም፤ ሙቀቱን አይታችሁ ወደ መንገድ አውጡት።

ፋሻ የሚላመደው በጭነት ነው። በሦስተኛ ማርሽ ከ2,000 እስከ 4,000 ዙር ገደማ በመካከለኛ ጋዝ አፍጥኑ፣ ፔዳሉን ለቅቃችሁ ሞተሩ ራሱ ያብርደው፣ አሥር ጊዜ ያህል ድገሙት። ለሰዓታት በአንድ ፍጥነት መንዳት ሲሊንደሩን ሊያንጸባርቀውና ፋሻው ሳይላመድ ሊቀር ይችላል። የመጀመሪያውን ዘይት በ50 ኪሎ ሜትር፣ ቀጣዩን በ500 ለውጡ። በሁለቱም ጊዜ ፊልትሩን ቆርጣችሁ ወረቀቱን ዘርጉ። ማግኔት የሚይዘው ጥቂት ግራጫ ዱቄት የፋሻው ነው፣ ይጠበቃል። ማግኔት የማይነካው የሚያንጸባርቅ ቅንጣት ግን ብሮንዚን ሊሆን ይችላል፤ መኪናውን አቁሙና ኮፓውን (ከታች ያለውን የዘይት መያዣ) አውርዱ።