የፓርቲ ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤትን ከውጭ ሃከር እንዴት መጠበቅ ይቻላል?

የውጭ ሃከር በር ሰብሮ የሚገባው ከስንት አንዴ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ቁልፉን ከባለቤቱ ተቀብሎ ነው። መጋቢት 2008 ዓ.ም. የሂላሪ ክሊንተን የምርጫ ዘመቻ ሊቀ መንበር ለነበሩት ለጆን ፖዴስታ፣ ፓስወርድዎ ሰው እጅ ገብቷልና አሁኑኑ ይቀይሩ የሚል፣ ከጎግል የመጣ የሚመስል ኢሜይል ደረሳቸው። ሊንኩ ተነካ፣ ፓስወርዱ ተሞላ። ምርጫው አንድ ወር ሲቀረው የኢሜይል ደብዳቤዎቻቸው አደባባይ ወጡ። ሐምሌ 2010 ዓ.ም. 12 የሩሲያ ወታደራዊ ደህንነት መኮንኖች በዚህ ጠለፋ በአሜሪካ ተከሰሱ። እኛም አገር ሰኔ 2012 ዓ.ም. የህዳሴው ግድብ ውኃ ሊይዝ ሲል፣ ከግብፅ የተነሱ ቡድኖች የሳይበር ጥቃት መሞከራቸውን የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት ኤጀንሲ (የዛሬው አስተዳደር) አስታውቆ ነበር።

ጅማ ውስጥ ሄርማታ ወይም ጅሬን ሁለት ክፍል ተከራይቶ፣ በአንድ ላፕቶፕና በአምስት ስልክ የሚሠራ ቅርንጫፍ «እኛን ማን ብሎ!» ሊል ይችላል። ግን ከዚያ ላፕቶፕ የወጣ ኢሜይል አዲስ አበባ ዋናው ጽሕፈት ቤት ሲደርስ ማንም ሳይጠራጠር ይከፍተዋል። አጥቂው የሚፈልገው ይህንኑ መታመን ነው። የአባላት ዝርዝርም እዚያው ላፕቶፕ ላይ ተቀምጧል፤ እሱ ከወጣ ዋናው ተጎጂ ስሙንና ስልኩን አምኖ የሰጠው የቀበሌው ሰው ነው።

1. መጀመሪያ በደብተር መዝግቡ። የጽሕፈት ቤቱን ኢሜይሎች፣ የፌስቡክ ገጹን፣ የቴሌግራም ቻናሉን፣ ላፕቶፑንና ስልኮቹን ጻፉ፤ ከጎናቸው ማን እንደሚገባባቸው። ከፓርቲው የለቀቀ ሰው ዛሬም የገጹ አድሚን ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ነው። አድሚን ሁለት ሰው ይበቃል፤ አንድ ብቻ ከሆነ ስልኩ የጠፋ ቀን ገጹም ይጠፋል።

2. ሊንክ ማንበብ ተማሩ። ፖዴስታን ያታለለው አድራሻ «ማይአካውንት ነጥብ ጎግል ነጥብ ኮም» ብሎ ይጀምርና ስላሽ ሊመጣ በሚገባው ቦታ ሰረዝ አስገብቶ «-ሴኪዩሪቲሴቲንግፔጅ ነጥብ ቲኬ» ብሎ ይቀጥላል። ማታለያው በሙሉ ያቺ ሰረዝ ናት። አነባበቡ እንዲህ ነው፦ ከመነሻው ድርብ ስላሽ ቀጥሎ የሚመጣውን የመጀመሪያ ነጠላ ስላሽ ፈልጉ፤ ከእሱ ወደ ኋላ ተመልሳችሁ በነጥብ የተለያዩትን የመጨረሻ ሁለት ቃላት ያዙ። የድረ ገጹን ትክክለኛ ባለቤት የሚናገሩት እነሱ ናቸው። መጨረሻው «ኮም ነጥብ ኢቲ» ወይም «ጎቭ ነጥብ ኢቲ» ከሆነ ሦስቱን ውሰዱ። ስልክ ላይ ረጅም አድራሻ ስለሚቆረጥ ይህን ማየት አይቻልም፤ ስለዚህ በመልእክት የመጣ ሊንክ ላይ ፓስወርድ በጭራሽ አትሙሉ፣ አድራሻውን ራሳችሁ ጽፋችሁ ግቡ። አማርኛው ወይም አፋን ኦሮሞው ስላልተሰበረ ብቻ መልእክቱን አትመኑ፤ የማሽን ትርጉም ያንን ምልክት ወስዶታል።

3. ከፓስወርዱ ሌላ ሁለተኛ መቆለፊያ አስገቡ። በኤስኤምኤስ የሚመጣ ኮድ ከምንም ይሻላል፤ ሆኖም ሲሙን በስማችሁ ያስወጣ ሰው ኮዱንም ይቀበላል። ከእሱ ኮዱን እዚያው ስልኩ ላይ የሚያወጣው የጎግል ኦተንቲኬተር አፕ ይሻላል። ከሁሉ የሚጠነክረው በፓስወርድ ፈንታ የሚገባበት ፓስኪ ነው፤ በስልክ አሻራ የሚሠራ፣ ገንዘብ የማይጠይቅ፣ አድራሻው ሐሰተኛ ከሆነ ጨርሶ የማይከፍት። ጎግል የሚሰጣችሁን 10 የመጠባበቂያ ኮዶች በወረቀት ገልብጣችሁ ከማኅተሙ ጋር ቆልፉባቸው። ስልክ ላይ ፎቶ ማንሳት ዋጋ የለውም፤ ስልኩ ሲጠፋ አብሮ ይሄዳል።

4. ቴሌግራም ለብቻው ትኩረት ይፈልጋል። ሥራው ሁሉ እዚያ ነውና። ሴቲንግስ፣ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ፣ ቱ-ስቴፕ ቬሪፊኬሽን ውስጥ ገብታችሁ ፓስወርድና መመለሻ ኢሜይል አስገቡ። ያለዚህ አካውንቱን የሚጠብቀው ባለ 5 አኃዝ ኮድ ብቻ ነው፤ «ኮድ በስህተት ወደ አንቺ ተልኳል፣ ላኪልኝ» የሚለው መልእክት ደግሞ የሚመጣው አስቀድሞ ከተጠለፈ የጓደኛ ስልክ ነው። ተጠልፋችሁ ከሆነ ፍጠኑ፦ አዲስ የገባ ስልክ ሌሎቹን ማስወጣት የሚችለው 24 ሰዓት ካለፈው በኋላ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ዲቫይስስ የሚለውን ከፍታችሁ የማታውቁትን አስወጡ። ግሩፕ ውስጥ የሚጻፈው ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሰጠረ፣ ማለትም ከላኪና ከተቀባይ በቀር ማንም የማያነበው፣ አለመሆኑንም እወቁ፤ የአባላት ዝርዝር እዚያ አይላክም።

5. ላፕቶፑን አጽዱ። ክራክ የተደረገ፣ ማለትም ሳይገዛ ተሰብሮ የተጫነ ዊንዶውስ ቫይረሱን አብሮ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ዊንዶውስ 10 ደግሞ መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ማሽኑ ዊንዶውስ 11 የማይችል አሮጌ ከሆነ በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን ሲስተም ጫኑበት፤ ነፃ ነው፣ ለደብዳቤና ለሰንጠረዥም ይበቃል። የዕለት ሥራ በአድሚን አካውንት አይሠራ። የወርድ ፋይል ስትከፍቱ «ኢኔብል ኮንቴንት» የሚል ቁልፍ ከመጣ አትንኩ፤ ፋይሉ ውስጥ የተደበቀ ቫይረስ ሊያስነሳ ይችላል።

ጅማ ላይ ግን ትልቁ ቀዳዳ ፍላሽ ነው። ፎቶ ኮፒ ቤት ደርሶ ሲመለስ ፎልደሮቹ ሾርትከት ሆነው ይገኛሉ፤ አንዱን መጫን ቫይረሱን ማስነሳት ነው። ለማተሚያ ብቻ የሚሆን አንድ ፍላሽ ለዩ፣ ፒዲኤፍ ብቻ ጫኑበት፣ ሲመለስ ምንም ሳትከፍቱ ፎርማት አድርጉት።

6. ቅጂ ያዙ። ሁለት ኤክስተርናል ዲስክ ይኑራችሁ፣ በየሳምንቱ እየተፈራረቁ፤ አንዱ ሁልጊዜ ከጽሕፈት ቤቱ ውጭ ይቀመጥ። ሲገለበጥ ብቻ ይሰካ፣ ምክንያቱም ፋይል ቆላፊ ቫይረስ የተሰካውን ሁሉ ይቆልፋል። ባትሪው ሳይሞላ አትጀምሩ፤ መብራት መሃል ላይ ሲጠፋ ቅጂው ይበላሻል። ሲያልቅ ሦስት ፋይል ከፍታችሁ ሞክሩ።

7. ከተጠቃችሁ ዋይፋዩን አጥፉ፤ ላፕቶፑን ግን አታጥፉት፣ ፎርማትም አታስደርጉ። ጠጋኙ መጀመሪያ የሚላችሁ ፎርማት ነው፤ ማስረጃው አብሮ ይጠፋል። ስክሪኑን በስልክ ፎቶ አንሱ። ከሌላ ንጹሕ ስልክ የኢሜይሉን ፓስወርድ ከሁሉ በፊት ቀይሩ፤ የቀሩት አካውንቶች የሚመለሱት በእሱ ነው። ቀጥሎ ጂሜይል ሴቲንግ ውስጥ ፎርዋርዲንግና ፊልተር የሚሉትን ፈትሹ፤ ሃከሩ ፓስወርዱ ቢቀየርም የደብዳቤ ቅጂ እንዲደርሰው አድርጎ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ለዋናው ጽሕፈት ቤት በስልክ፣ በድምፅ ንገሩ፤ በኢሜይል ከጻፋችሁ መጀመሪያ የሚያነበው ሃከሩ ሊሆን ይችላል። ለኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደርና ለፖሊስም በዚያው ቀን አመልክቱ።