"ነፃነትን ደገፉ" የሚል ርዕስ ከመስጠታችሁ በፊት፦ የሕዝብ አስተያየት ጥናት ስትዘግቡ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ስለ ስኮትላንድ፣ ስለ ካታሎኒያ ወይም ስለ ታይዋን የነፃነት ጥያቄ አዲስ የሕዝብ አስተያየት ጥናት በወጣ ቁጥር፣ ዜናው አማርኛ አንባቢ ዘንድ ሲደርስ አንድ ቁጥርና አንድ ርዕስ ብቻ ይዞ ነው። ማን እንደተጠየቀ፣ ምን ተብሎ እንደተጠየቀ፣ መቶኛው ከየትኞቹ መላሾች እንደተሰላ መንገድ ላይ ይንጠባጠባል። ከታች ያሉት ስህተቶች በየዜና ክፍሉ የሚደጋገሙ ናቸው። አብዛኞቹን ለማረም ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። የመጀመሪያው ግን ከሁሉም የከፋ ስለሆነ ሰፋ ያለ ቦታ ይገባዋል። (ዓመታቱ፣ ወራቱና ቀኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የተለያዩ ጥያቄዎችን መልስ እንደ አንድ ጥያቄ መልስ ማነጻጸር

በ2014ቱ የስኮትላንድ ሕዝበ ውሳኔ ወረቀቱ ላይ የነበረው ጥያቄ "ስኮትላንድ ነፃ አገር መሆን አለባት?" የሚል ነበር። አጻጻፉ እንዲሁ የመጣ አይደለም። የስኮትላንድ መንግሥት በመጀመሪያ ያቀረበው "ስኮትላንድ ነፃ አገር መሆን አለባት በሚለው ይስማማሉ?" የሚል ነበር። የብሪታኒያ የምርጫ ኮሚሽን ጥያቄውን በሰዎች ላይ ሞክሮ፣ "ይስማማሉ" የሚለው ቃል መላሹን ወደ "አዎ" ይገፋዋል በማለት በ2013 መጀመሪያ ላይ እንዲቀየር መከረ፤ መንግሥቱም ተቀበለው። አንዲት ግስ መልስ ታዛባለች ተብሎ ይህን ያህል ከተደከመ፣ ዘጋቢ ጥያቄውን ሳያነብ ውጤቱን የሚጽፍበት ምክንያት የለም።

ከዚያ ወዲህ አብዛኞቹ አጥኚ ድርጅቶች የሕዝበ ውሳኔውን ጥያቄ እንዳለ ይጠይቃሉ። ሰርቬሽን ግን "ስኮትላንድ ኢን ዩኒየን" ለተባለው አንድነቱን የሚደግፍ ቡድን በሚሠራቸው ጥናቶች "ስኮትላንድ በዩናይትድ ኪንግደም ውስጥ ትቆይ ወይስ ትውጣ?" ብሎ ይጠይቃል። በዚህኛው ጥያቄ "ትቆይ" የሚለው ወገን በሌላኛው "አይ" ከሚለው ወገን በተደጋጋሚ ከፍ ብሎ ይታያል። "መቆየት" እና "መውጣት" በስኮትላንድ የብሬግዚትን (የብሪታኒያ ከአውሮፓ ኅብረት መውጣት) ትዝታ ይዘው የሚመጡ ቃላት ናቸው፤ በ2016 እዚያ ድምፅ ከሰጡት 62 በመቶው "መቆየት"ን ነበር የመረጡት። ሁለቱንም ጥያቄዎች መጠየቅ ይቻላል። ጥፋቱ የሚመጣው ዘጋቢው ሲቀላቅላቸው ነው። ለምሳሌ ባለፈው ወር በ"አዎ ወይስ አይ" ጥያቄ የነፃነት ድጋፍ 49 በመቶ ነበር እንበል። በዚህ ወር በ"ትቆይ ወይስ ትውጣ" ጥያቄ "ትውጣ" ያለው 42 በመቶ ሆነ። "የነፃነት ድጋፍ በ7 ነጥብ አሽቆለቆለ" የሚል ርዕስ ወጣ። አንድም ሰው ሐሳቡን ሳይቀይር ርዕሱ ማሽቆልቆልን ፈጠረ ማለት ነው።

የካታሎኒያ መንግሥት የአስተያየት ጥናት ማዕከል ይህን ልዩነት በአንድ መጠይቅ ውስጥ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። አንዱ ጥያቄ "ካታሎኒያ ነፃ አገር እንድትሆን ይፈልጋሉ?" ይላል። ሌላው አራት ምርጫ ይሰጣል፦ ነፃ አገር፣ በፌዴራላዊት ስፔን ውስጥ ያለች ክልላዊ መንግሥት፣ አሁን እንዳለው ራስ ገዝ ማኅበረሰብ፣ ወይም ተራ ክልል። በአራት ምርጫው ነፃነትን የሚመርጠው ሰው በቀጥታ ጥያቄው "አዎ" ከሚለው ያንሳል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ፌዴሬሽን ቢቀርብለት የሚመርጠው ሰው ያ አማራጭ ሲታጣ "አዎ" ይላል። ስለዚህ የማድሪድ ጋዜጣ አንዱን፣ የባርሴሎና ጋዜጣ ሌላውን ይዞ ሲወጣ ሁለቱም የጻፉት ቁጥር እውነተኛ ሊሆን ይችላል። እናንተ ሁለቱን አንብባችሁ ሁለቱንም ጻፉ።

በካናዳዋ ክፍለ ግዛት በኩቤክ በ1995 ሕዝበ ውሳኔ የቀረበው ጥያቄ ስለ መገንጠል በቀጥታ የጠየቀ አልነበረም፤ ለካናዳ የኢኮኖሚና የፖለቲካ ሽርክና ጥያቄ ከቀረበ በኋላ ኩቤክ ሉዓላዊ እንድትሆን ይስማሙ እንደሆነ ነበር የሚጠይቀው። እዚያ ሽርክና የተጨመረበት ሉዓላዊነት፣ ባዶውን "መገንጠል" ተብሎ ከሚጠየቀው ይልቅ ብዙ ደጋፊ ያገኛል። በታይዋን ደግሞ ብሔራዊ ቼንግቺ ዩኒቨርሲቲ ከ1994 ጀምሮ የሚጠይቀው ጥያቄ ስድስት አማራጮች አሉት፤ ከመካከላቸው "አሁን ያለው ሁኔታ ይቀጥል፣ ወደ ነፃነት ግን እናምራ" የሚል ይገኝበታል። ይህን "ነፃነት በአስቸኳይ" ከሚለው ጋር ደምሮ "ታይዋናውያን ነፃነት ይታወጅ አሉ" ብሎ መጻፍ መላሾቹ ያላሉትን በአፋቸው ማስገባት ነው።

ለእኛም ይህ የሩቅ አገር ጉዳይ አይደለም። የመገንጠል መብትን የያዘው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 39 "ይቀጥል ወይስ ይሰረዝ?" ተብሎ የተጠየቀ ሰው፣ የተጠየቀው ስለ መብቱ ነው። ይቀጥል ያለ ሁሉ መገንጠል ይፈልጋል ማለት አይደለም። ሁለቱን የሚያምታታ ርዕስ አገር ውስጥ የሚያደርሰው ጉዳት ስለ ኤድንብራ ከተጻፈ የተሳሳተ ርዕስ የከበደ ነው።

ስለዚህ፦ የጥያቄውን ቃል በሁለተኛው አንቀጽ ላይ ሙሉ በሙሉ አስፍሩ። "ጨመረ" ወይም "ቀነሰ" የምትሉት ያው ድርጅት፣ ያንኑ ጥያቄ፣ በዚያው መንገድ (በስልክ፣ በኢንተርኔት ወይም ቤት ለቤት) ሲጠይቅ ብቻ ነው።

ያልወሰኑትን አንዴ ቆጥሮ አንዴ መተው

ከ100 መላሾች 43ቱ "አዎ"፣ 47ቱ "አይ"፣ 10ሩ "አልወሰንኩም" አሉ እንበል። ያልወሰኑት ሲወጡ 43ን ለ90 ታካፍላላችሁ፤ "አዎ" 48 በመቶ ይሆናል፣ "አይ" 52። ሁለቱም ስሌት ትክክል ነው፤ ሁለቱም በአንድ ሠንጠረዥ ላይ ይገኛሉ። ባለፈው ወር 48ን የጻፈ ዘጋቢ በዚህ ወር 43ን ከጻፈ ግን ያልነበረ የ5 ነጥብ ውድቀት አወጀ። አንዱን መርጣችሁ በዚያው ጽኑ፤ ያልወሰኑት ስንት እንደሆኑም ሁልጊዜ ግለጹ። ያልወሰኑት እኩል ይከፈላሉ ብላችሁ አትገምቱ። በኩቤክ በ1995 በመጨረሻው ሳምንት የወጡት አብዛኞቹ ጥናቶች "አዎ"ን በጠባብ ልዩነት አስቀድመው ነበር፤ ውጤቱ ግን "አይ" 50.58፣ "አዎ" 49.42 ሆነ።

ከሌሎቹ የተለየውን አንድ ጥናት ርዕስ ማድረግ

መስከረም 2014 ላይ የሆነውን መመልከት ይበቃል። ሕዝበ ውሳኔው ሊደረግ 11 ቀን ሲቀረው ዩጎቭ የተባለው አጥኚ ድርጅት ለሰንዴይ ታይምስ ጋዜጣ በሠራው ጥናት "አዎ" 51፣ "አይ" 49 ወጣ። መላሾቹ 1,084 ነበሩ፤ ያልወሰኑት ሲካተቱ 47 ለ45። በማግስቱ ሰኞ ፓውንድ ወደቀ። በዚያው ሳምንት የብሪታኒያ ሦስት ትላልቅ ፓርቲዎች መሪዎች ካሜሩን፣ ሚሊባንድና ክሌግ የለንደን ሥራቸውን ትተው ወደ ስኮትላንድ ሄዱ። ከአንድ ሺህ ሰው ገደማ በተሰበሰበ ጥናት የስህተት ህዳጉ (የናሙናው ውጤት ከመላው ሕዝብ ሐሳብ ሊርቅ የሚችልበት መጠን) ለእያንዳንዱ ወገን 3 ነጥብ ያህል ወደ ላይም ወደ ታችም ነው። በሁለቱ ወገኖች መካከል ላለው ልዩነት ደግሞ ወደ 6 ይደርሳል፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይወርዳልና። የ2 ነጥብ ብልጫ በዚህ ውስጥ ይጠፋል። ትክክለኛው አገላለጽ "ተቀራርበዋል" የሚል ነበር።

በቀጣዩ ቅዳሜና እሁድ አራት ጥናቶች ወጡ። የአይሲኤም ጥናት "አዎ"ን በ54 ለ46 አስቀደመ፤ የመላሾቹ ቁጥር ግን 700 ገደማ ብቻ ነበር። ሰርቬሽን፣ ኦፒኒየምና ፓነልቤዝ ሦስቱም "አይ"ን አስቀደሙ። አራቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ዘጋቢ አንባቢውን በትክክል አገልግሏል። 54ን ብቻ አንስቶ የጻፈው ከአራቱ ለዜና የሚያጓጓውን መርጧል። መስከረም 18 ቀን የተሰጠው ድምፅ ውጤት "አይ" 55.3፣ "አዎ" 44.7 ነበር።

ከትልቅ ጥናት ውስጥ ትንሿን ዓምድ መጥቀስ

መላ ብሪታኒያን በሚሸፍን የ2,000 ሰው ጥናት ውስጥ የስኮትላንድ መላሾች 170 ገደማ ናቸው። የስህተት ህዳጉ ከ7 ነጥብ ያልፋል፤ ብዙውን ጊዜም ያ ዓምድ ለብቻው በዕድሜና በጾታ አልተመጣጠነም። እንደ ስኮትላንድ ጥናት አድርጋችሁ አትጥቀሱት።

የቴሌግራም፣ የፌስቡክና የድረ ገጽ ድምፅ መስጫን ጥናት ብሎ መጥራት። ናሙና የለውም፤ አትዘግቡት።

ሕዝቡ ማን እንደሆነ አለማጣራት

በ2014 ዕድሜያቸው 16 ዓመት የሞላ የስኮትላንድ ነዋሪዎች ድምፅ ሰጥተዋል። ለንደን የሚኖር የስኮትላንድ ተወላጅ አልሰጠም፤ ግላስጎ የሚኖር የፖላንድ ዜጋ ሰጥቷል። ዕድሜያቸው 18 የሞላውን ብቻ የጠየቀ ጥናት ከድምፅ ሰጪው ሕዝብ የተለየ ሕዝብ ጠይቋል፤ ወጣቶች ወደ ነፃነት ስለሚያደሉም ልዩነቱ ቀላል አይደለም። በ2020 በወጣ ሕግ ደግሞ ሕጋዊ የመኖሪያ ፈቃድ ያላቸው የውጭ ዜጎች፣ እዚያ ያሉ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ጭምር፣ ለስኮትላንድ ፓርላማ መምረጥ ይችላሉ። "ስኮትላንዳውያን" ከማለት "የስኮትላንድ ነዋሪዎች" ማለት የተሻለ ነው።

በድምፅ አሰጣጥም ላይ ያው ስህተት ይሠራል። በጥቅምት 1 ቀን 2017 የስፔን ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ባገደው የካታሎኒያ ድምፅ አሰጣጥ "አዎ" 90 በመቶ አገኘ። የተሳተፈው ግን ከተመዘገበው መራጭ 43 በመቶው ብቻ ነበር፤ ተቃዋሚዎች በብዛት ቀርተዋል። "አዎ" ያሉት ከጠቅላላው መራጭ 38 በመቶ ገደማ ናቸው። "90 በመቶው ካታሎናዊ ነፃነት ይፈልጋል" የሚለው ዓረፍተ ነገር ግን እስካሁን ይጻፋል።

በመቶና የመቶኛ ነጥብን መቀያየር። ከ45 ወደ 48 በመቶ ከፍ ማለት የ3 ነጥብ ጭማሪ ነው፤ "3 በመቶ ጨመረ" አይባልም።

"ሕዝበ ውሳኔ ይደረግ?"ን "ነፃነት ይሁን?" አድርጎ መተርጎም

አንድ ሰው ነፃነትን ደግፎ ሕዝበ ውሳኔው ዘንድሮ አይሁን ሊል ይችላል። ሌላው ነፃነትን እየተቃወመ ጉዳዩ ይቋጭ ዘንድ ይደረግ ይላል። ስለዚህ ጥያቄዎቹ ሦስት ናቸው፦ ይፈልጋሉ? ድምፅ ይሰጥ? መቼ? በውጭ ዜና ላይ "ድጋፍ" የሚል ቃል ስታዩ የትኛው እንደሆነ ሠንጠረዡ ላይ አረጋግጡ።

ቀኑን መዝለል

የታተመበት ቀን ሰው የተጠየቀበት ቀን አይደለም። በመካከሉ ክርክር፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ ወይም የመሪ ስንብት ሊኖር ይችላል፤ ጥናቱ ከክስተቱ በፊት ከተሠራ "ከውሳኔው በኋላ ድጋፍ ጨመረ" ማለት አይቻልም።

ይህን ሁሉ ለማጣራት የዜና ወኪሉ ጽሑፍ አይበቃም። የብሪታኒያ የጥናት ድርጅቶች ምክር ቤት አባላት ውጤቱ ከታተመ በሁለት የሥራ ቀን ውስጥ ሙሉ ሠንጠረዡን በድረ ገጻቸው ማውጣት አለባቸው። ክፈቱት። መጀመሪያ የጥያቄውን ቃል፣ ቀጥሎ የተጠየቁበትን ቀናት፣ ከዚያ አስጠኚውን፣ ከዚያ የመላሾቹን ቁጥር፣ በመጨረሻም ያልወሰኑት የተካተቱበትንና ያልተካተቱበትን ረድፍ ቅዱ። ሠንጠረዡ ገና ካልወጣ ይህንኑ ጻፉ፤ ቁጥሩን ከጽሑፉ ውስጥ አስቀምጡት እንጂ ርዕስ ላይ አትስቀሉት።