ባለ 9 አኃዝ ቁጥርን በወረቀትና በካልኩሌተር እንዴት መተንተን ይቻላል?

በድሬዳዋ የማስጠናቸው ተማሪዎች ትልቅ ቁጥር ሲሰጣቸው ወዲያው ስልካቸውን ያወጣሉ፤ ስልኩ መልሱን ቢነግራቸውም መንገዱን ስለማያሳያቸው እኔ ወረቀትና ካልኩሌተር እመርጣለሁ። እዚህ 892,625,976ን ወደ ብቸኛ ቁጥሮች፣ ማለትም ከ1ና ከራሳቸው ሌላ አካፋይ ወደሌላቸው ቁጥሮች፣ እንበትናለን። በከተማው ታይዋን ገበያ ካልኩሌተር የሚገዛ ሰው ባለ 8 አኃዙን ይተው፤ ይህን ቁጥር ከነጭራሹ አይቀበልም። ባለሱቆች የሚይዙት ባለ 12 አኃዝ ይበቃል።

በመጀመሪያ ቀላሎቹን አካፋዮች እናውጣ። የመጨረሻዎቹ ሦስት አኃዞች 976 ለ8 ይካፈላሉ፤ የአኃዞቹ ድምር 54 ደግሞ ለ9 ይካፈላል። ስለዚህ ቁጥሩን ለ72 ስናካፍል 12,397,583 ይደርሰናል።

ቀጥሎ 7ን፣ 11ንና 13ን በአንድ ጊዜ እንፈትናለን፤ የሦስቱ ብዜት 1001 ስለሆነ ቁጥሩን ከቀኝ ሦስት ሦስት አኃዝ ከፍሎ እያፈራረቁ መቀነስና መደመር በቂ ነው። 583 − 397 + 12 = 198 ሲሆን፣ ይህን ከሦስቱ የሚያካፍለው 11 ብቻ ነው። ለ11 አካፍለን 1,127,053 እናገኛለን፤ በዚህም ላይ ፈተናውን ስንደግመው 53 − 127 + 1 = −73 ስለሚወጣ ሦስቱም አያካፍሉትም።

አስቸጋሪው ክፍል ከዚህ ይጀምራል። የቁጥሩ ስኩዌር ሩት 1061.6 ገደማ ስለሆነ፣ ብቸኛ ቁጥሮችን በተራ መሞከር የሚፈልግ ሰው እስከ 1061 መሄድ አለበት፤ ይህም ከሰዓት በኋላውን ይበላል። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ፈረንሳዊው ፒየር ደ ፌርማ የተጠቀመበት ዘዴ ግን ቁጥሩን የሁለት ስኩዌሮች ልዩነት አድርጎ ይፈልጋል፤ a² − b² = (a − b) × (a + b) ስለሆነ ልዩነቱ ሲገኝ አካፋዮቹም ይገኛሉ። ስኩዌር ሩቱን ወደ ላይ አጠጋግተን ከ1062 እንጀምር፦ 1062 × 1062 = 1,127,844 ነው፤ ከዚህ ላይ ቁጥራችንን ስንቀንስ 791 ይቀራል። 28 × 28 = 784፣ 29 × 29 = 841 ስለሆነ 791 ስኩዌር አይደለም። አንድ ጨምረን 1063 × 1063 = 1,129,969 ስንል የሚቀረው 2,916 ነው፤ ይህም 54 × 54 ነው። አካፋዮቹ እንግዲህ 1063 − 54 = 1009 እና 1063 + 54 = 1117 ናቸው።

1009 169ኛው ብቸኛ ቁጥር ስለሆነ፣ በተራ የሚሞክር ሰው እሱ ጋ የሚደርሰው 168 ቁጥሮችን ካለፈ በኋላ ነበር። ዘዴው ግን ፈጣን የሚሆነው ሁለቱ አካፋዮች ሲቀራረቡ ብቻ ነው፤ ከሃያ ሙከራ በኋላ ምንም ካልተገኘ ወደ ተራ ማካፈል መመለስ ይሻላል። መልእክት ለመመስጠር በሚያገለግለው በአርኤስኤ ዘዴ የምስጢር ቁልፍ ውስጥ የሚባዙት ሁለት ብቸኛ ቁጥሮች በጣም መቀራረብ የማይገባቸውም በዚሁ ምክንያት ነው። ካልኩሌተሩ የሚያሳየው ስኩዌር ሩት ተጠጋግቶ ሊሆን ስለሚችል፣ አንድ ቁጥር ስኩዌር መሆኑን ሁልጊዜ መልሶ በማባዛት ያረጋግጡ። 1009ና 1117 ብቸኛ መሆናቸውን ለማወቅ እስከ 31 ባሉት ብቸኛ ቁጥሮች መሞከር ይበቃል።

ውጤቱ 2³ × 3² × 11 × 1009 × 1117 ነው። በእያንዳንዱ አርቢ ላይ አንድ ደምረን ስናባዛ፣ 4 × 3 × 2 × 2 × 2፣ 96 አካፋዮች እንዳሉት እናውቃለን። የሁሉም ድምር የሚገኘው ለእያንዳንዱ ብቸኛ ቁጥር የኃይሎቹን ድምር (ለ2፦ 1 + 2 + 4 + 8 = 15፣ ለ3፦ 1 + 3 + 9 = 13፣ ለ11፦ 1 + 11 = 12 እያልን) በማባዛት ነው፦ 15 × 13 × 12 × 1010 × 1118 = 2,642,281,200፤ ቁጥሩን ራሱን ስንቀንስ የሚቀረው 1,749,655,224 ከቁጥሩ ስለሚበልጥ፣ 892,625,976 ከራሳቸው በስተቀር ያሉት አካፋዮቻቸው ድምር ከሚበልጣቸው ቁጥሮች አንዱ ነው።