ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል፣ ሞተሩ ሳይነሳ

ቦርሳዬ ውስጥ ከቤት ቁልፍና ከሊፕስቲክ ጋር አንድ ካላሚታ (ማግኔት) አለ። ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ነው፤ የሰው ቀለም እንዳይጭር በአሮጌ ካልሲ ጠቅልዬዋለሁ። የሥራ ባልደረቦቼ ይስቁብኛል። ያገለገለ መኪና ለመግዛት ሲያስቡ ግን መጀመሪያ የሚደውሉት ለእኔ ነው። «ቅዳሜ ትመጪልኛለሽ?» ይሉኛል።

መካኒክ አይደለሁም፤ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ያስተማረችኝ የመጀመሪያ መኪናዬ ናት። ማርካዋን ተዉት፣ ጥፋቱ የእሷ አይደለም። 2008 ዓ.ም. ነው፤ እጄ ላይ 165,000 ብር ነበር፣ ግማሹ የዕቁብ። ደላላው «ሴት የያዘቻት ናት፣ ጋራዥ አታውቅም፣ ገዝተሽ መንዳት ብቻ ነው» አለኝ። ቀለሟ ያብለጨልጫል። ያየኋት ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ ነው፤ ሞተሯ ሞቆ ነበር። ያለኝን በሙሉ ከፈልኩ። በሦስተኛው ሳምንት ሰሚት አካባቢ፣ ሥራ በሚገባበት ሰዓት፣ ከኮፈኑ ስር እንፋሎት ለቀቀች። የቴስታታው ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና አካል መካከል ውሃና ዘይቱን ለይቶ የሚይዘው ማሸጊያ) ቀድሞውኑ ሄዷል። ሻጩ ለካ በየቀኑ ውሃ እየጨመረ ነበር የሚነዳት። ማሠሪያ 28,000 ብር ከእህቴ ተበደርኩ።

ሁለት ነገር ነው ያበላሸሁት። የሞቀ ሞተር አየሁ፤ ብሬን ደግሞ አሟጥጬ ከፈልኩ።

ከብሩ እንጀምር። አንድ ሚሊዮን ብር ያለው ሰው የአንድ ሚሊዮን ብር መኪና መፈለግ የለበትም። እኔ ከመቶ አሥራ አምስቱን ገና ከቤት ሳልወጣ ለይቼ አስቀምጣለሁ። መኪናዋን በ850,000 ፈልጉ፤ 150,000ው ሌላ አካውንት ውስጥ ይቀመጥ። የት ይሄዳል እንዳትሉ። የደላላ አለ፣ ብዙ ጊዜ 2 በመቶ። ስም ማዛወሪያ አለ፣ ኢንሹራንስ አለ። ከዚያ ሻጩ «አዲስ ነው» ያላችሁ ባትሪ በሐምሌ ጠዋት አልነሳም ይላል።

ገበያውም እንደ ድሮው አይደለም። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያረጁ መኪናዎች ላይ እስከ 500 በመቶ ጣለ። ከጥር 2016 ወዲህ ደግሞ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሏል። ስለዚህ በትንሽ ብር የምታገኟት የነዳጅ መኪና እዚሁ ስትዞር የኖረች ናት፤ ሦስት አራት ባለቤት ያየች። ሞዴሏን እየቆጠሩ ዋጋ መስጠት ለእኔ ብዙም ትርጉም የለውም። በፈረንጅ የ2003 ሞዴል ሆና በደንብ የተያዘች በደንብ ካልተያዘች የ2008 ሞዴል ትሻላለች። ባለቤቱን ነው የምትገዙት።

ማርካ ሲመርጡ አንድ ፈተና አለኝ። ወደ ሶማሌ ተራ፣ የመኪና መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሰፈር፣ ደውሉ፣ ወይም ሰው ላኩ። የሦስት ዕቃ ዋጋ ጠይቁ፦ የራዲያተር፣ የፊት መብራትና የስፖኪዮ። ሦስቱም እዚያው ካሉ መኪናዋ ትያዛለች። «በትዕዛዝ ይመጣል» ከተባላችሁ ተዉት፣ ምንም ያህል ብታምር። ስፖኪዮ ለምን እንደጨመርኩ አዲስ አበባ መኪና ያቆመ ሁሉ ያውቃል። በዚህ ፈተና ቪትዝ፣ ያሪስና ኮሮላ ሁልጊዜ ያልፋሉ፤ ለዚያም ነው ዋጋቸው አልወርድ የሚለው።

ስለ ቪትዝ አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው አያስተውለውም። እኛ ሁለቱንም ቪትዝ ማለት ይቀናናል እንጂ፣ ቶዮታ ቪትዝ በሚለው ስም የሸጣት ለጃፓን ገበያ ነው፤ ለውጭ ያሪስ ናት። ጃፓን መሪው በስተቀኝ ነው። ስለዚህ የጃፓን ቪትዝ ከሆነች መሪዋ ከቀኝ ወደ ግራ ዞሯል ማለት ነው። ሻንሲ ቁጥሯን (አካሏ ላይ የተቀረጸውን መለያ) እዩ። 17 ፊደልና ቁጥር ካልሞላ፣ ለምሳሌ «ኤስ ሲ ፒ 10» ብሎ ጀምሮ ሰረዝ ካለው፣ ጃፓናዊ ናት። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ትውልዶች ጌጃቸው መሃል ላይ ስለሆነ ዳሽቦርዱን አይታችሁ አትለዩትም። በስልካችሁ መብራት ከዳሽቦርዱ ስር ጎንበስ ብላችሁ እዩ፦ የተቆረጠ ላሜራ፣ ብየዳ፣ በፕላስተር የተጠቀለለ ሽቦ። የዞረች ሁሉ መጥፎ ናት አልልም፤ ጓደኛዬ ስምንት ዓመት ነድታታለች። ግን ከያሪስ እኩል ዋጋ አይከፈልባትም።

አሁን ወደ ዋናው። ማታ ለሻጩ ይደወልለታል። «ነገ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል እመጣለሁ፤ እባክዎ ሞተሩን እንዳያስነሱ» ይባላል። ሲደርሱ ከሰላምታ ቀጥሎ እጅ ኮፈኑ ላይ ይቀመጣል። ለብ ካለ አሞቁት ማለት ነው። አንዴ አያት ሰፈር የሚኖሩ ሰውዬ «ልጄን ትምህርት ቤት አድርሼ መጣሁ» አሉኝ። ቀኑ እሑድ ነበር።

ቀዝቃዛ ከሆነ የራዲያተሩን ክዳን ክፈቱ። በቀዘቀዘ ሞተር ብቻ ነው፤ በሞቀ ከከፈታችሁ ፊታችሁን ያቃጥላችኋል። ውሃው ዝገት ከመሰለ ለዓመታት የቧንቧ ውሃ ስትጠጣ ኖራለች። ላዩ ላይ ዘይት ከተንሳፈፈ ወደ ቤታችሁ ሂዱ። ቀጥሎ የዘይት መሙያውን ክዳን ገልብጡት። ውስጡ ማኪያቶ የመሰለ አረፋ ካለ ውሃና ዘይት እየተገናኙ ነው። የእኔዋ የመጀመሪያዋ እንደዚያ ነበረች፤ ያኔ ግን ክዳኑ የት እንዳለ እንኳን አላውቅም ነበር።

ከዚያ አንድ ሰው ያስነሳ፤ እናንተ ከኋላ ማርሚታው ጋ ቁሙ። አዲስ አበባ ጠዋት ይበርዳል፤ ለሁለት ደቂቃ ስስ ነጭ እንፋሎት ቢወጣ አትደንግጡ። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ወፍራም ነጭ ጭስ ካላቆመ ውሃ እየተቃጠለ ነው። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት ትበላለች። ጥቁር ከሆነ ነዳጅ ይበዛባታል፤ ይህኛው ብዙ ጊዜ በቀላሉ ይስተካከላል። የራዲያተሩን ክዳን ክፍት እንዳለ ለጥቂት ደቂቃ ውሃውን ተመልከቱ። እንደሚፈላ ሽሮ ቡልቅ ቡልቅ ካለ የቴስታታው ነገር አብቅቷል።

ሞተሩ እየሠራ ካላሚታዬ ይወጣል። ላሜራው ጤነኛ ከሆነ ቅጭ ብሎ ይይዛል። ተጋጭቶ በስቱኮ (የጎደጎደ ላሜራ መሙያ) ከተሞላ ይንሸራተታል። ፓራውልት (የፊትና የኋላ መከላከያው) ፕላስቲክ ስለሆነ እዚያ አትሞክሩ፤ አንዱ የቢሮ ልጅ ሞክሮ «ሙሉ በሙሉ ስቱኮ ናት» ብሎ ጮኾ አሳፍሮኛል። ባለፈው ዓመት ሲኤምሲ አካባቢ አንዲት ነጭ ኮሮላ አየን። ከፊት በር ጀምሬ ቅጭ፣ ቅጭ፣ ቅጭ። የኋላው ግራ በር ላይ ስደርስ ካላሚታው ተንሸራቶ መሬት ወደቀ። ሻጩ ጎንበስ ብሎ አንስቶ አቧራውን በሱሪው ጠርጎ ሰጠኝ። ማንም ምንም አላለም። የዕቃ መጫኛውን ምንጣፍ ገለጥኩ፤ የትርፍ ጎማው ጉድጓድ እንደ ተጨማደደ ወረቀት ሆኖ ተበይዷል። «አመሰግናለሁ ወንድሜ» ብዬ ወጣሁ።

ኪሎ ሜትሩን አትመኑ። ቆጣሪ ይመለሳል፤ የፔዳል ጎማ ግን አይመለስም። 80,000 የሚል ቆጣሪና እስከ ብረቱ ያለቀ የፍሬን ፔዳል አብረው አይሄዱም። የመቀመጫ ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ሳቡት፤ ዕድሜዋን እዚያ ታዩታላችሁ። ጎማው ጎን ላይ አራት ቁጥር አለ፦ 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። ጥርሱ ያላለቀ ግን አሥር ዓመት የሞላው ጎማ ለእኔ የሌለ ጎማ ነው፤ ከዋጋው ላይ ይቀነሳል።

ለመንዳት ሬዲዮ ዝጉ፣ መስኮት ክፈቱ። መጀመሪያ ኮብልስቶን ላይ፣ በቀስታ። የሚንኳኳ የፊት እግር ካለ እዚያ ያወራል። ከዚያ ሽሮ ሜዳ ሂዱና የእንጦጦን ዳገት ውጡ። ሻጩ ቅር ካለው ምክንያቱን መገመት አያዳግትም። ዳገቱ ላይ የሙቀት ጌጁን አትልቀቁት፤ ከመሃል ማለፍ የለበትም። ሞተሩ እየጮኸ መኪናዋ ካልፈጠነች ፍሪሲዮኑ አልቋል። ሲወርዱ ነዳጁን ለቅቃችሁ በማርሽ ውረዱ፤ ታች ስትደርሱ አንዴ ረገጥ አድርጋችሁ በስፖኪዮ ወደ ኋላ እዩ። ብልጭ ያለ ሰማያዊ ጭስ ጠዋት የተደበቀውን ዘይት መብላት እዚህ ያጋልጠዋል። ጉልበት አነሳት ብላችሁ ብቻ ግን አትጣሏት። ከተማችን ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከባሕር ዳርቻ ጋር ሲነጻጸር ከአምስት እጅ አንዱን ያህል ጉልበቱን ያጣል። 1,000 ሲሲ መኪና አምስት ሰው ጭና እንጦጦ ላይ ብታቃስት መብቷ ነው።

እስከዚህ ካለፈች ብቻ መካኒክ ይጠራል። የራሳችሁ መካኒክ፣ በራሳችሁ ብር። ደላላው «የማውቀው ልጅ አለ» ሲል ልጁ ኮሚሽን እንዳለው አስቡ። እኔ የሰፈራችንን ጋሼ ነው የምወስደው። ለሰዓቱ ይከፈላቸዋል፣ «አትግዢ» ቢሉም ይከፈላቸዋል። ለዚህ ነው «አትግዢ» ማለት የማይከብዳቸው።

ወረቀቱ አሰልቺ ነው፤ ግን ሞተር ይጠገናል፣ ወረቀት አይጠገንም። ሊብሬው (የባለቤትነት ደብተሩ) ላይ ያለው ስም የሻጩ ነው? ሻንሲና ሞተር ቁጥሩን ከብረቱ ላይ ራሳችሁ አንብባችሁ ከሊብሬው ጋር አስተያዩ። ፋይሉ ያለበት ቢሮ ሄዳችሁ ዕዳና እገዳ እንደሌለባት አረጋግጡ፤ በባንክ ብድር የተያዘች ልትሆን ትችላለች። ቀረጥ ነፃ የገባች ከሆነ ቀረጡ መከፈሉን ጠይቁ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ባለቤቱም ትፈርማለች፣ ካላገባ ያላገባ መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ ያመጣል። ቦሎ (የዓመታዊ ምርመራ ምልክት) ስለተለጠፈላት ደህና ናት አትበሉ፤ የእኔዋም ተለጥፎላት ነበር።

በውክልና ከሚሸጥ ሰው ስትገዙ ውክልናው «መሸጥ» የሚል ቃል በግልጽ እንዳለው አንብቡ፤ ወካዩን በስልክም ቢሆን አግኙት። ወካዩ ከሞተ ውክልናው አብሮት ያበቃል። የአጎቴ ልጅ ውክልና በውክልና የተላለፈች መኪና ገዝቶ፣ ስም ሊያዛውር ሲሄድ ሊብሬው ላይ ያለው ሰውዬ ካረፈ ሁለት ዓመት እንዳለፈው ሰማ። ወራሾቹ ሦስት ናቸው፤ አንዷ ውጭ አገር።

ቀብድ ትንሽ ይሁን፣ በጽሑፍ፣ ምስክር ባለበት። ሌላ ስምምነት ከሌለ በሕጉ የሰጠው ወገን ቢያፈርስ ቀብዱ ይቀርበታል፣ የተቀበለው ቢያፈርስ እጥፍ ይመልሳል። ዋናው ብር የሚከፈለው ውልና ማስረጃ ፊርማ በሚፈረምበት ቀን ነው፤ በሲፒኦ (ባንክ በሚሰጠው የክፍያ ማዘዣ) ቢሆን ይመረጣል።

ለዋጋ ክርክር ጎበዝ አይደለሁም። የማደርገው ያየሁትን ችግር ወረቀት ላይ መጻፍ ነው፣ ከጎኑ የሶማሌ ተራ ዋጋ። ጎማ ይህን ያህል፣ የፊት እግር ይህን ያህል። ወረቀቱን ሰጥቼ ዝም እላለሁ። ዝምታው ይከብዳል፤ እኔም እሰቃያለሁ። ብዙ ጊዜ ግን መጀመሪያ የሚናገረው ሻጩ ነው።

አሁን የምነዳትን ያሪስ የሸጡልኝ ጡረታ የወጡ አባት ናቸው። ደላላው ሌላ ሁለት መኪና ሊያሳየኝ ቸኩሎ ነበር። እሳቸው ከኪስ አንዲት ባለመስመር ደብተር አወጡ። ዘይት የተቀየረበት ቀን፣ ኪሎ ሜትሩ፣ የተከፈለው ብር፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ። አንድ ቦታ ላይ «ፍሬን ሸራ፣ የኋላ፣ ተወደደ» ይላል። መከላከያዋ ተጭሯል፣ ቀለሟ ደብዝዟል፤ ካላሚታውን ለወጉ ያህል ነው ያወጣሁት።

እንዲያም ሆኖ በመጀመሪያው ሳምንት ዘይቱን፣ የዘይትና የአየር ፊልትሩን፣ ካንዴላዎቹንና የራዲያተሩን ውሃ ቀየርኩ። ፍሬኑን አስፈትሼ አየሁ። ከተለየው 15 በመቶ ላይ ነው የወጣው። ደብተሩንም ከእሳቸው የመጨረሻ መስመር ስር ቀጠልኩበት፤ እኔ የምጽፈው በጥቁር ነው።