ከጠጅ ሣር መዓዛማ ዘይት ማውጣት፦ በአንድ በርሜል ለሚጀምሩ ገበሬዎች

አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው የዚህን ሥራ ግማሽ ያውቃል። ልዩነቱ ጠጅ ሣሩ ውሃ ውስጥ አለመቀቀሉ ነው፤ ከውሃው በላይ ተቀምጦ እንፋሎት ያልፍበታል፣ እንፋሎቱም ዘይቱን ይዞ ይወጣል። የአረቄ ዕቃ ግን ለዚህ አይሆንም። ሸክላና መቃ ሽታ ይይዛሉ፣ ዘይቱንም ይመጥጣሉ።

በርሜል ከመግዛታችሁ በፊት ውሃችሁን አስቡ። በሰዓት ከ5 እስከ 6 ሊትር የሚያንጠባጥብ ዕቃ ለማቀዝቀዝ በየሰዓቱ 100 ሊትር ገደማ ቀዝቃዛ ውሃ ይፈልጋል። አንድ በርሜል የቆመ ውሃ ብቻ ካላችሁ ሥራው ሳያልቅ ይሞቃል፣ ዘይቱም በእንፋሎት ይጠፋል። ስለዚህ ቦታው ምንጭ ወይም ወንዝ ዳር ይሁን።

በርሜሉ 200 ሊትር የሚይዝ ስቴንለስ ቢሆን ይመረጣል። ተራ ብረት ይዝግና ዘይቱን ያጠቁራል። ኬሚካል ወይም ናፍጣ የነበረበት በርሜል ምንም ያህል ቢታጠብ አይሆንም። ብየዳ ቤት ወስዳችሁ፣ ከሥሩ 25 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ በሦስት እግር የሚቆም ቀዳዳ ያለው ላሜራ አሠሩ። ከክዳኑ የሚወጣው ቱቦ እስከ መጨረሻው ድረስ ከ20 ሚሊ ሜትር መጥበብ የለበትም። ቱቦው በሁለተኛ በርሜል ውስጥ ተጠምዝዞ ይወርዳል። ቀዝቃዛው ውሃ በበርሜሉ ሥር ይገባል፣ የሞቀው በአፉ ይፈስሳል፤ በተቃራኒው ከሆነ ማቀዝቀዣው ግማሽ ሥራ ብቻ ይሠራል።

ጠጅ ሣሩ ከተተከለ ከ4 እስከ 5 ወር ሲሞላው ለመጀመሪያ ጊዜ ይታጨዳል፣ ከዚያ በየ2 ወይም 3 ወሩ። ጤዛው ከደረቀ በኋላ ከመሬት ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ እጨዱ። አንድ ቀን ጥላ ሥር ይጠውልግ። ፀሐይ ላይ የተሰጣ ሣር ዘይቱን ለአየር ሰጥቶ ይመጣል፤ ዝናብ የነካውን የጫነ ደግሞ ማገዶውን ውሃ ለማሞቅ ያባክናል።

በርሜሉ ውስጥ 45 ሊትር ውሃ ጨምሩ። ውሃው ላሜራውን መንካት የለበትም። ወደ 30 ኪሎ ሣር ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ከታትፋችሁ በስሱ እየደራረባችሁ ጠቅጥቁ፣ በተለይ በርሜሉ ግድግዳ ዳር። ብዙ ሰው ዘይት አነሰኝ የሚለው እዚህ ላይ በሠራው ስህተት ነው። ዳር ዳሩ ከላላ እንፋሎቱ በዚያ ሾልኮ ያመልጣል፣ መሃሉ ያለው ሣር ሳይነካ ይቀራል። ከክዳኑ በታች 10 ሳንቲ ሜትር ክፍት ተዉ።

ክዳኑን በሊጥ ምረጉት። በብሎን ጥርቅም አድርጋችሁ አትዝጉ፤ ቱቦው ድንገት በሣር ቢደፈን መጀመሪያ የሚለቀው ሊጡ መሆን አለበት። የዘይት መቀበያውን ከእሳቱ ሁለት ሜትር ያህል አርቁ፣ ዘይቱ ይቀጣጠላልና።

መጀመሪያ እሳቱን አንድዱት፤ ጠብታ ሲጀምር ቀንሱ። አንድ ሊትር ለመሙላት ከ10 እስከ 12 ደቂቃ ቢፈጅ ልክ ነው። የሚንጠባጠበው እጅ ላይ ለብ ይበል እንጂ አያቃጥል። ከቱቦው አፍ እንፋሎት ካያችሁ እሳቱን ቀንሱ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ጨምሩ። ዘይቱ አረር አረር ካለ ውሃው አልቋል ወይም ሣሩ ከላሜራው አልፎ ወርዷል።

መቀበያው ረዘም ያለ የብርጭቆ ወይም የስቴንለስ ዕቃ ነው፤ ፕላስቲክ በዘይቱ ይበላል። ከዕቃው ሥር ተነስቶ ከአፉ ትንሽ ዝቅ ብሎ የሚታጠፍ ቀጭን ቱቦ ይበየድለት። ዘይቱ ከውሃ ስለሚቀል ላይ ይንሳፈፋል፣ ውሃው በዚያ ቱቦ ይወጣል። የሚወጣውን ውሃ አትድፉት፤ የሟሟ ዘይት ስላለበት በቀጣዩ ዙር በርሜሉ ውስጥ ጨምሩት። አብዛኛው ዘይት በመጀመሪያው ሰዓት ይወጣል፣ ከ2 ሰዓት ተኩል በላይ መቆየት ማገዶ መጨረስ ነው። በንጹህ ብርጭቆ ትንሽ ቅዱና እዩ፤ ላዩ ላይ የዘይት ነጠብጣብ ከሌለ እሳቱን አጥፉ። ያለቀው ሣር ደርቆ ለቀጣዩ ዙር ማገዶ ይሆናል።

ከ30 ኪሎ ሣር ከ90 እስከ 120 ሚሊ ሊትር ጠብቁ። ለአንድ ቤተሰብ ብቻ ዋጋውን ላያወጣ ይችላል፤ ጎረቤቶች ተሰብስበው አንድ በርሜል በየተራ ቢጠቀሙ ይሻላል። ዘይቱን አሳድራችሁ ከሥሩ የቀረውን ውሃ ለዩ፤ ከዚያ ቡናማ ጠርሙስ ውስጥ እስከ አንገቱ ሙሉና ቀዝቃዛ ጨለማ ቦታ አኑሩ። ጠርሙሱ ላይ የታጨደበትንና የወጣበትን ቀን ጻፉ። ገዢ የሚጠይቀው የሲትራል (ለዘይቱ የሎሚ ሽታ የሚሰጠው ንጥረ ነገር) መጠኑን ስለሆነ ናሙና ይዛችሁ ሂዱ፤ የወንዶ ገነት የግብርና ምርምር ማዕከል በመዓዛማ ዕፅዋት ላይ ስለሚሠራ ምክር ለመጠየቅ ጥሩ ቦታ ነው። ዘይቱ ሳይበረዝ ቆዳ ላይ እንዳይነካ፣ እንዳይጠጣም፣ ከልጆችም ይራቅ።