ቆጮ የሚወድ ተማሪ ላላችሁ

ሐዋሳ ላይ ቆጮ አዘውትሮ የሚበላ ልጅ ይጠግባል፤ ክብደቱ ግን ላይጨምር ይችላል። ቆጮ ኃይል ይሰጣል እንጂ ፕሮቲኑ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ምሳ ዕቃው ውስጥ በደንብ የበሰለ ቦሎቄ ወይም አንድ የተቀቀለ እንቁላል ጨምሩበት። እንቁላሉ ከነቅርፊቱ ይሂድ፤ ተልጦ ከዋለ በሙቀቱ ቶሎ ይበላሻል። የሐይቁ ቆሮሶ ዓሣም ግሩም ነው፣ ግን ለእራት፤ እሾሁን በጣት እየዳሰሳችሁ ልቀሙለት።

ሻይ ከምግብ ጋር አትስጡ፤ ሰውነት ከቦሎቄው ብረት እንዳይወስድ ያግዳል። ቢያንስ 1 ሰዓት ይቆይ። ሎሚ ጠብ ማድረግ ግን ይረዳል። ለስላሳውማ ይቅር፤ 300 ሚሊ ሊትሩ ውስጥ ወደ 30 ግራም ስኳር አለ።

ስትመዝኑ በወር አንዴ፣ ያለ ጫማ፣ በዚያው ሚዛን። ቁመቱንም ለኩ፤ ኪሎ ብቻውን ያሳስታል። ከቀነሰ ሐኪም ይየው፣ የሆድ ትላትልም ሊሆን ይችላል።