በቀዝቃዛ ወራት በደን ውስጥ ክምር ሲቃጠል የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ደን ሲጸዳ የሚተርፈውን ቅርንጫፍና ጭራሮ ከደረቁ ወራት ይልቅ በቀዝቃዛውና በእርጥቡ ጊዜ ማቃጠል የሰደድ እሳትን ስጋት ይቀንሳል፤ ይሁን እንጂ እሳቱን የሚገታው ያው ቅዝቃዜና እርጥበት ጭሱን ያበዛዋል። ከዚህ በታች የተዘረዘሩት ችግሮች አብዛኞቹ ክብሪት ከመጫሩ በፊት የሚወሰኑ ናቸው።

ክምሩ ይጨሳል እንጂ አይነድም

ዋናው ምክንያት እርጥበት ነው። ገና የተቆረጠ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ የሚጠጋው ውሃ ሊሆን ስለሚችል፣ የእሳቱ ሙቀት እንጨቱን ከማቀጣጠል ይልቅ ውሃውን በማትነን ያልቃል፤ ከእንጨቱ የሚወጣውም ጋዝ ሳይነድ ወፍራም ነጭ ጭስ ሆኖ ያመልጣል። ስለዚህ ክምሩ ቢያንስ አንድ ደረቅ ወቅት ሊያልፍበት፣ ዝናብ ከመግባቱ በፊትም መሃሉ በሸራ ሊሸፈን ይገባል። ሙሉውን መሸፈን አያስፈልግም፤ እሳቱ የሚነሳበት ደረቅ እምብርት ከተገኘ የቀረውን እያደረቀ ይበላዋል። ሸራው ከመለኮሱ በፊት ይነሳል።

ሁለተኛው ምክንያት አፈር ነው። በማሽን የተገፋ ክምር አፈርና ጉቶ ስለሚቀላቀልበት አየር አያገኝም፤ እንዲህ ያለውን ክምር አፍርሶ እንደገና ከመደርደር ሌላ አቋራጭ የለም። ጎማ ወይም ያገለገለ ዘይት ጨምሮ ማቀጣጠል መርዛማ ጭስ ከመፍጠር በቀር እርጥበቱን አያስወግድም። እሳቱ አስቀድሞ ከተለኮሰ እርጥብ እንጨት መጨመሩን አቁሞ ያልነደዱትን ጫፎች ወደ መሃል መግፋትና ደረቅ ጭራሮ መመገብ ይሻላል።

ጭሱ ጥቂት ከፍ ብሎ ይተኛል

በጠራና ነፋስ በሌለው ሌሊት መሬት ሲቀዘቅዝ የታችኛው አየር ከላይኛው ይበልጥ ይቀዘቅዛል፤ ሞቃቱ አየር እንደ ክዳን ስለሚሆን ጭሱ በሸለቆው ውስጥ ይታሰራል። ብዙዎች ፍጹም ጸጥ ያለውን ጠዋት ይመርጣሉ፤ ለእሳቱ ቁጥጥር ቢመችም ለጭሱ የከፋው ጊዜ ግን ያ ነው። የአየር ትንበያ አይቶ፣ በትንሽ እሳት ጭሱ ሽቅብ መውጣቱን ሞክሮ፣ ፀሐይ መሬቱን ካሞቀች በኋላ መለኮስና ከቀትር በኋላ ብዙም ሳይቆዩ መጨመር ማቆም ይገባል። ጭሱ በማታ ከጉም ጋር ከተቀላቀለ በአቅራቢያው ባለ መንገድ ላይ እይታን ፈጽሞ ሊጋርድ ይችላል። በውስጡ ያሉት ከ2.5 ማይክሮሜትር ያነሱ ብናኞችም ሳንባ ውስጥ ጠልቀው ስለሚገቡ፣ ጎረቤቶችን በተለይም አስም ያለባቸውን አስቀድሞ ማሳወቅ ተገቢ ነው።

ጠፋ የተባለው እሳት ከቀናት በኋላ ይነሳል

ረመጥ ከአመድ ሥር፣ በጉቶና በሥሮች ውስጥ ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል፤ በረዶ ቢሸፍነውም እንኳ ላይጠፋ ይችላል። አመዱን በትኖ ውሃ እያፈሰሱ በአካፋ ማገላበጥ፣ ከዚያም የእጅን ጀርባ አስጠግቶ ሙቀት መኖሩን መፈተሽ ያስፈልጋል። ዙሪያው እስከ አፈሩ ድረስ የተጠረገ ቢሆንም፣ ደረቅና ነፋሻ ቀን ከመምጣቱ በፊት ቦታው እንደገና ይታያል።